ድስት ከተጣደ በኋላም

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።» ተረቱ የተነገረው ለወጥ ነው። በርበሬው ሳይመጠን ተደቁሶ ድስት ከገባ መላ የለውም። በጅማ፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት ግን አዲስ ቆርቆሮ አልብሶ በመጀመሪያው ዝናብ ባልዲና ሳፋ የሚደረድር አባወራም ይተረትበታል። ጎረቤቱ እያዘነለት «አሁን ምን ያደርጋል» ይለዋል፤ እሱም አፉን ይዘጋል።

በቡና አገር ቤት የሚታደሰው ገንዘብ ሲገባ ነው። ቡናው ከጥቅምት ጀምሮ ይለቀማል፣ ይደርቃል፣ ይሸጣል፤ አሮጌው ቆርቆሮ በጥርና በየካቲት ይወርዳል፣ አዲሱ ይወጣል፣ አናጢው ሒሳቡን ተቀብሎ ወደ ሌላ ሥራ ይሻገራል። ያን ጊዜ ደግሞ ጅማ ደረቅ ናት። በበጋ ፀሐይ የሚያብረቀርቅ አዲስ ጣሪያ ሁሉ ደህና ይመስላል። ዝናቡ በመጋቢት ገደማ ይጀምርና እስከ መስከረም ማለቂያ፣ አንዳንዴም እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። የዓመቱ መጠን ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ ይህም በ60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 90,000 ሊትር ውኃ ማለት ነው። ክፍያው ካለቀ ከሁለት ወር በኋላ የሚመጣው ፈተና ይህ ነው።

የተረቱ የመጀመሪያ ግማሽ ለጣሪያም በትክክል ይሠራል። የጣሪያ «መጥኖ መደቆስ» ያለው ምስማሩ ላይ ነው። ውኃ የሚወርደው በቆርቆሮው ቦይ ስለሆነ ምስማሩ መመታት ያለበት በጉብታው አናት፣ ከነጎማው ነው። ቦዩ ግን ማገሩ ላይ ልጥፍ ብሎ ስለሚያርፍ ለቸኮለ እጅ ይቀላል፤ እዚያ የተመታ እያንዳንዱ ምስማር የውኃ መንገድ ላይ የተከፈተ ቀዳዳ ነው። በጉብታው ላይ ተመትቶም ቆርቆሮው እስኪሰረጉድ ከተቀጠቀጠ ውኃ እዚያው ይቋጥራል። ጎን ለጎን ያሉ ቆርቆሮዎች ቢያንስ አንድ ጉብታ ተኩል መደራረብ ሲገባቸው፣ አንድ ቆርቆሮ ለመቆጠብ ሲባል መደራረቢያው ይሳሳል። ማገሩ ሳይደርቅ የተመታ ባሕር ዛፍ ከሆነ ደግሞ በበጋው ፀሐይ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፤ ምስማሩም ይላላል።

ሁሉም ጥፋት የአናጢው አይደለም። ባለቤቱ ራሱ ገበያ ወጥቶ ርካሹን ይመርጣል። የጌጅ ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 28 ጌጅ ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር ሲሆን 35 ጌጅ የዚያ ግማሽ ያህል ብቻ ነው። በ35 ጌጅ ላይ የእጅ ዋጋ ተከራክሮ አስቀንሶ፣ በሦስት ቀን ይለቅልኝ ያለ ሰው ተረቱን ቢሰማ ይገባዋል።

ሁለተኛው ግማሽ ግን ለጣሪያ አይሆንም። እንዲያውም ይጎዳል። ጣሪያ ይፈታል፤ ምስማሩ ይነቀላል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ መደራረቢያው ይስተካከላል። ዝም ሲባል ግን ኮርኒሱ ላይ የታየው ቡናማ ክብ በየዝናቡ እየሰፋ ይሄዳል፤ ወራጁ ይበሰብሳል፣ የጭቃው ግድግዳ ያብጣል። ዋጋ ይጨምራል ተብሎ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ጀንፈል ካለ ደግሞ ኪሳራው ይበረታል። ቡና በደህና የሚቀመጠው እርጥበቱ ከ12 በመቶ ገደማ ሳያልፍ ነው፤ የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ያደረ ጆንያ ይሻግታል፣ የዓመት ድካም አብሮት ይሄዳል።

ሕጉም ቢሆን ከተረቱ ጋር አይስማማም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ሥራውን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ለአሠራሩ ጉድለት ኃላፊ ያደርገዋል። ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ውልም ዋጋ የለውም።

ጣሪያ ከተሠራ በኋላ መጮኽ እንደሚሰማ ላሊበላ አሳይታለች። ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብ ይጠብቁ ተብለው በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተሠሩት የብረት መጠለያዎች የቆሙት በ2000 ዓ.ም. ነበር። ክብደታቸውና የወደፊት ዕጣቸው ያሠጋው ነዋሪ ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2011 ዓ.ም. አደባባይ ወጣ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ላሊበላ ድረስ መጥተው አገራቸው እንደምታግዝ ቃል ገቡ። «አሁን ምን ያደርጋል» ተብሎ ቢቀር ኖሮ ይህም አይመጣም ነበር።

አጋሮ ላይ ያለ አባወራ ፕሬዚዳንት አይጠብቅም። የሚያስፈልገው የተጻፈ ወረቀት ነው፤ የጌጁ ቁጥር፣ የማገሩ ርቀት፣ የምስማሩ ዓይነትና የአናጢው ፊርማ ያለበት። አብዛኛው ስምምነት በቃልና በቀብድ ስለሚያልቅ፣ የ10 ዓመቱ መብት በማስረጃ እጦት ይመክናል። ከእጅ ዋጋው ላይ ጥቂት ተይዞ ሁለት ሦስት ከባድ ዝናብ ካለፈ በኋላ እንዲከፈል በውሉ ቢጻፍ፣ አናጢው በመጋቢት መሰላሉን ይዞ የሚመለስበት ምክንያት ይኖረዋል። ባለቤቱም ውኃ የገባባትን ቦታ በጣቱ እያሳየ፣ ሳይሸማቀቅ ያሠራዋል።