ወደ ቲያ ስትሄጂ

ልጄ፣ ከጓደኞችሽ ጋር በየወሩ የደርሶ መልስ ጉዞ ልትጀምሩ መሆኑን ስትነግሪኝ እጅግ ደስ ብሎኛል። የጻፋችሁትንም ፕሮግራም አይቼዋለሁ። የመጀመሪያው ምክሬ ከዚያ ወረቀት ላይ አንድ ቦታ እንድትሰርዙ ነው። በአንድ ቀን አዳዲ ማርያምን፣ መልካ ቁንጡሬንና ቲያን አዳርሳችሁ ልትመለሱ አስባችኋል። ሦስቱም በቡታጅራ መንገድ በኩል ስለሆኑ ይቻላል፤ ብዙ አስጎብኚዎችም እንደዚያው ያደርጋሉ። ነገር ግን እንዲህ ሲሯሯጥ የዋለ ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ ስልኩ በፎቶ ይሞላል እንጂ ስለ አንዱም ቦታ ረጋ ብሎ የሚያወራው አይኖረውም። ሁለቱን ያዙ፤ አዳዲን ለሌላ ቀን አቆዩት። የመልካ ቁንጡሬ ትንሽ ሙዚየምና የቲያ የትክል ድንጋይ መስክ ሙሉ ቀን ይወስዳሉ ወይ ብትይኝ፣ አዎ፣ ይወስዳሉ።

ከመውጣታችሁ በፊት ባለው ቀን ሁለት ነገር አጣሩ። አንደኛው መንገዱ ሰላም መሆኑን ነው፤ ይህን ከሬዲዮ ሳይሆን በዚያው መስመር ከሚመላለስ ሾፌር ጠይቁ። ሁለተኛው ቁልፍ የያዘው ሰው በቦታው መኖሩን ነው። ትናንሽ ሙዚየሞች ውስጥ ቲኬት የሚቆርጠው፣ በር የሚከፍተውና የሚያስረዳው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው፤ እሱ ለቅሶ ሄዶ ከሆነ በር ላይ ቆማችሁ ትመለሳላችሁ። ዝርዝር ብርም ያዙ።

ጉዞውን ማልዳችሁ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጀምሩ። ከዚያ መልካ ቁንጡሬን እለፉትና ቲያን አስቀድሙ። መልካ ቁንጡሬ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቲያ ከ80 ይበልጣል። ሩቁን ማስቀደማችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ቲያ ላይ የሚያስፈልጋችሁ ትኩስ ዐይንና ሰፊ ጊዜ ነው። በትክል ድንጋዮቹ ላይ የተቀረጸው ምልክት ጥልቀቱ ትንሽ ነው። ብርሃን ፊት ለፊት ሲያርፍበት ይጠፋል፤ ከጎን ሲመታው ግን ጥላ ይዞ ይወጣል። እንደ ደረሳችሁ ምንም የለበትም ብላችሁ ያለፋችሁት ድንጋይ፣ ፀሐይዋ ጥቂት ስትዞር የጎራዴ ቅርጽ ሊያሳያችሁ ይችላል። ስለዚህ አንዴ ዞራችሁ «ጨረስን» አትበሉ። ዙሩ፣ ተቀመጡ፣ ደግማችሁ ዙሩ።

እዚያ 36 ድንጋዮች አሉ፤ ከእነሱ 32ቱ ምልክት የተቀረጸባቸው ናቸው። ሁሉንም ለማየት አትጣደፊ። አንዱን ምረጪ፤ እርሳስና ወረቀት ይዘሽ ሂጂና እሱን ሣዪው። ሥዕል አልችልም አትበይኝ፤ ሥዕሉን ለማንም አታሳዪውም። እጅሽ ሲሥል ዐይንሽ ለማየት ይገደዳል። ጎራዴዎቹ ስንት ናቸው? ጫፋቸው ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች? ክቡ ምልክት ከላያቸው ነው ወይስ ከጎናቸው? ከታች ያለው ቅርንጫፍ የመሰለ ነገርስ ከየት ይጀምራል? ፎቶ ያነሣ ሰው እነዚህን ጥያቄዎች አይጠይቅም፤ የሣለ ሰው ግን ሳይጠይቅ ማለፍ አይችልም።

ድንጋዮቹ የመቃብር ምልክቶች ናቸው። በሥራቸው ሲቆፈር የሰው አጽም ተገኝቷል፤ ተመራማሪዎችም ዘመኑን ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ያደርጉታል። የምልክቶቹ ትርጉም ግን እስከ ዛሬ አልተፈታም። አስጎብኚው «ጎራዴው ሟቹ የገደላቸው ጠላቶች ቁጥር ነው» ሊልሽ ይችላል። በጥሞና ስሚው፤ ነገር ግን በማስታወሻሽ ላይ «ይባላል» ብለሽ ጻፊው። የአካባቢው ሽማግሌዎች ደግሞ የግራኝ ድንጋይ ይሉታል። ግራኝ የተባለው ኢማም አሕመድ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1543 ነው፤ መቃብሮቹ ከእሱ በፊት ብዙ ዘመን የቆዩ ናቸው። ይህን ስላወቅሽ ሽማግሌውን ለማረም አትቸኩዪ። እንዲህ ያለው ትረካ ራሱ ቅርስ ነው፤ ሰው በደጁ የቆመውንና ማን እንዳቆመው የማያውቀውን ድንጋይ፣ ከሚያውቀው ታላቅ ስም ጋር አያይዞ ለልጁ ያወርሰዋል። «ለእርስዎ ማን ነገረዎት?» ብለሽ ጠይቂ። ሁለቱንም፣ የቁፋሮውንና የሽማግሌውን ቃል፣ ጎን ለጎን ጽፈሽ አስቀምጪ።

ቲያ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ስለ ሰፈረ ስሙ ገንኗል እንጂ ብቻውን አይደለም። ቲያ ባለበት በሶዶ አካባቢ እንዲህ ያሉ 160 ያህል ቦታዎች ተቆጥረዋል። በመንገዳችሁ ላይ በየማሳው ዳር ድንጋይ ቆሞ ካያችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉ፤ ባለ ማሳውን ሰላም ብላችሁ፣ ፈቃድ ጠይቃችሁ ቀረብ በሉ። አጥር የሌለው፣ ቲኬት የማይቆረጥበት ድንጋይ ከታጠረው ያላነሰ ያስተምራል።

ምሳችሁን እዚያው አካባቢ ብሉ። ጾም ካልሆነ ክትፎና ቆጮ በቤቱ መብላት ነው፤ በዚህ ብዙ አልመክርሽም።

ከሰዓት በኋላ ወደ መልካ ቁንጡሬ ተመለሱ። በልቤ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ቦታ ይኸኛው ስለሆነ፣ ብዙ ብልሽ ታገሺኝ። ሙዚየሙ በግቢ ውስጥ የቆሙ አራት ጎጆ ቤቶች ነው። ስለ እሳተ ገሞራው፣ ስለ እንስሳቱ አጽም፣ ስለ ቀደምት ሰዎችና ስለ ድንጋይ መሣሪያዎቻቸው ያሳያል። ከአምስት ኪሎው ብሔራዊ ሙዚየም አንጻር ዕቃው ጥቂት ነው። አንዳንድ ሰው ገብቶ፣ ግድግዳውን ቃኝቶ «ይኸው ነው?» ብሎ ይወጣል። አንቺ እንደዚያ አትሁኚ። ድንቅነሽ ከሐዳር ተነሥታ አዲስ አበባ ገብታለች፤ በመስተዋት ውስጥ የሚታየው ቅጂዋ ነው፤ እሱን ማየት ግዴታ ነው፤ ነገር ግን ሐዳርን አታዪም። መልካ ቁንጡሬ ላይ መሣሪያውን አይተሽ ከጎጆው ወጥተሽ ጥቂት ብትራመጂ፣ የተገኘበት አፈር ላይ ትቆሚያለሽ። ወንዙም ያው ነው፤ ሐዳርን የሚያጠጣው አዋሽ ገና በደጋው ሳለ በዚህ ያልፋል።

እ.ኤ.አ. በ1963 ጄራርድ ዴከር የተባለ ሆላንዳዊ የውሃ ባለሙያ በወንዙ ዳርቻ የድንጋይ መሣሪያዎችን አገኘ። ከዚያ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ለ30 ዓመት ያህል ቁፋሮውን መራ፤ ቀጥሎ የጣሊያን ተመራማሪዎች ያዙት። የተገኘው ታሪክ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ይሄዳል። እሳተ ገሞራው በየጊዜው አመድ ሲያወርድ፣ ወንዙ ደለል ሲያለብስ፣ ቀደምት ሰዎች የኖሩበት መሬት ተደራርቦ ተቀበረ፤ አመዱ ዕድሜው ስለሚለካ በሁለት የአመድ ንብርብር መካከል የተገኘ ነገር ዘመኑ ይታወቃል። ይህን አስቀድመሽ ከተረዳሽ፣ ወንዙ የቆረጠውን ገደል ስታዪ ለምን ቀለሙ በየእርከኑ እንደሚለያይ ማንም ሳይነግርሽ ይገባሻል።

ጎጆው ውስጥ አንድ የእጅ መጥረቢያ ፊት ለፊት ቁሚ። መዳፍሽን በመስተዋቱ በኩል ከመጥረቢያው ጋር አስተያዪው፤ መጠኑ በመዳፍ ልክ ነው። ከዚያ ጠርዙን ከታች ጀምረሽ በዐይንሽ ተከተዪ። አንዱ ፍንካች በዚህ በኩል፣ ቀጣዩ በዚያ በኩል እያለ እስከ ጫፉ ይወጣል። እያንዳንዱ ፍንካች አንድ ምት ነው፤ እያንዳንዱ ምት ከመመታቱ በፊት ታስቦበታል። አንዱ ቢሳሳት ድንጋዩ ለሁለት ሊከፈል ይችላል። በአእምሮው ቅርጹን አስቀድሞ ያየ ሰው እጅ ነው ያንን የሠራው። እዚህ ላይ ሩብ ሰዓት ብትቆዪ አይቆጭሽም።

ከዚያ ጎምቦሬ ወደሚባለው የቁፋሮ ቦታ ውረዱ። በቁፋሮ የወጣው ወለል መጠለያ ተሠርቶለት፣ መሣሪያዎቹ እንደ ወደቁ ተትተው ይታያሉ። በዚሁ በጎምቦሬ፣ ከ700,000 ዓመት በፊት ጭቃ በነበረ የኩሬ ዳር፣ የሰዎችና የእንስሳት የእግር አሻራ ተገኝቷል። ጉማሬ ረግጦታል፤ ወፎች ረግጠውታል፤ ከሰዎቹ መካከል የአንድና የሁለት ዓመት ሕፃናት የሚሆኑ ትናንሽ እግሮች አሉ። በዚያው ወለል ላይ የድንጋይ መሣሪያና የተበለተ ጉማሬ አጥንት አለ። ትልልቆቹ ድንጋይ ሲጠርቡና ሥጋ ሲበልቱ ሕፃናቱ እዚያው እግራቸው ሥር ነበሩ ማለት ነው። ጋርባ በተባለው ሌላው ክፍል ደግሞ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው የሕፃን ልጅ መንጋጋ ተገኝቷል። ትንሹን ወንድምሽን ይዘሽው ሂጂ የምልሽ ለዚህ ነው። ልጆች በሙዚየም ይሰለቻሉ ይባላል፤ «ካንተም የሚያንስ ልጅ እዚህ ጭቃ ረግጦ ነበር» ሲባል የሚሰለች ልጅ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

መልካ ቁንጡሬ ከባልጪት ጋር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ባልጪት ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ ያለ የጥቁር ባልጩት ድንጋይ መገኛ ነው፤ የጥንቶቹ ሰዎች ስለታም መሣሪያ ይሠሩበት ነበር። በአካባቢው ስትሄጂ መሬት ላይ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ስባሪ ታያለሽ። እባክሽ ልጄ፣ አንዲት እንኳ ኪስሽ እንዳትከቺ። ያ ስባሪ የሚናገረው ባለበት ቦታ ብቻ ነው። ከየትኛው ንብርብር፣ ከምን አጠገብ እንደ ነበረ ካልታወቀ፣ ቤትሽ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው ተራ ድንጋይ ነው። ሕጉም ይከለክላል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቅ ያዛል። ከጓደኞችሽ አንዱ «አንድ ብወስድ ምን አለበት» ቢል ዝም አትበዪው።

አስጎብኚውን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር ላስታውስሽ። «ስንት ዓመቱ ነው?» የሚለውን አትጠይቂው፤ እሱ ሰሌዳው ላይ ተጽፏል። በየዓመቱ ቁፋሮ ሲካሄድ የአካባቢው ሰዎች አብረው ይሠራሉ። ስለዚህ «ጋሼ፣ እርስዎ ቁፋሮው ላይ ነበሩ? ምን ሲወጣ አዩ?» ብለሽ ጀምሪ። ፊቱ ሲለወጥ ታያለሽ። እሱ የሚነግርሽን በየትኛውም መጽሐፍ አታገኚውም። ሲጨርስ የድካሙን ክፈሉት፤ ለመግቢያው ደግሞ ደረሰኝ ተቀበሉ። የጎብኚ መዝገብ ካለ «በጣም ደስ ይላል» ብለሽ ብቻ አትፈርሚ። የፈሰሰ ጣሪያ፣ የደበዘዘ ጽሑፍ፣ የተሰነጠቀ መስተዋት ካየሽ ከነቀኑ ጻፊው። ትንሽ ሙዚየም በጀት ለመጠየቅ የሚያቀርበው ማስረጃ አንዳንዴ ያ መዝገብ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ያልኩት አዲስ አበባ ስለምትኖሪ ነው። ጅማ ያለችው የአክስትሽ ልጅም ብትጠይቅሽ፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጅሬን ላይ ከደጇ እንዳለ ንገሪያት። ሐረር ከሄድሽ፣ የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ውስጥ ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም አትለፊው፤ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የሐረርን የእጅ ጽሑፎች፣ ሳንቲሞችና የድሮ ድምፆች በግላቸው ሰብስበው ያቋቋሙት ነው። አንድ ሰው በጽናት ምን መሥራት እንደሚችል ማየት ለወጣት ከብዙ ንግግር ይሻላል።

ወደ አዳዲ ልመለስ። ያቆያችኋት ከሌሎቹ ስላነሰች አይደለም፤ ሙዚየም ስላልሆነች ነው። ከአንድ አለት ተፈልፍላ የወጣች፣ ትውፊቱ ከቅዱስ ላሊበላ ጋር የሚያያይዛት፣ እስከ ዛሬ የሚቀደስባት ቤተ ክርስቲያን ናት። ወር በገባ በ21፣ በማርያም ቀን፣ ሕዝቡ ይበዛል፤ የዚያን ቀን ከሄዳችሁ ለመሳለም እንጂ ለመጎብኘት አትሂዱ። ግድግዳውንና መስኮቶቹን በእርጋታ ማየት ከፈለጋችሁ ሌላ ቀን፣ ቅዳሴ ካበቃ በኋላ ድረሱ። ነጠላ ልበሱ፤ ጫማ አውልቃችሁ ግቡ፤ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ካህኑን አስፈቅዱ። መብራት በሌለበት ዐይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ቁሙ፤ የመጥረቢያው ጭረት በአለቱ ላይ ቀስ እያለ ይታያችኋል። ቀኑን ስትቆርጡ ደውዪልኝ፤ የዚያን ዕለት እኔም አብሬያችሁ እመጣለሁ።