አባ ጁሊያ አባት ሲሆን

መኪና ይሸጥ ወይስ አይሸጥ የሚለው የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው ብዬ ብነሣ ከእናንተ መካከል የሚስቅብኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። መቼም ከስድስት ኪሎ ፒያሳ በእግር ወርደን በእግር ለምንመለሰው ለእኛ ይኸ የባለጠጋ ጭንቀት ነው። እኔም መጀመሪያ እንደዚሁ ብዬ ነበር። ዳሩ ግን ነገሩ ቤታችን ገብቶ ሲያነታርከን ከረመና፣ ለፍልስፍና ክፍል ከማነበው ሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የነሣኝ እሱ ሆነ። ስለዚህ ለአንድ ጊዜ ታገሡኝ።

ታላቅ ወንድሜ ቀያሽ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ያጠራቀመውን ሁሉ አፍስሶ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ሣር ውጧት የቆመች አሮጌ አልፋ ሮሜዮ ገዛ። ጁሊያ ሱፐር ትባላለች። ጁሊያ እ.ኤ.አ. በ1962 ጣሊያን አገር ወጣች፤ ሱፐር የምትባለዋ በ1965 ተከተለች። አራት በር፣ አምስት ማርሽ፣ በአራቱም ጎማ የዲስክ ፍሬን፤ ለዚያ ዘመን የቤት መኪና ይኸ ቀላል ነገር አልነበረም። ፈረንጆች እንዲህ ያለችውን ስፖርት ሴዳን ይሏታል፤ ይኸውም መልኳ የቤተሰብ፣ ጠባይዋ የውድድር ማለት ነው። (መልኳስ የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ወንድሜ ይህን ስል ይቀየመኛል።) ሞተሯን ለማስነሣት ብቻ ዓመት ተኩል ፈጀ። ሶማሌ ተራ ውስጥ ያልጠየቀው ሱቅ የለም። አንዳንዱ ዕቃዋ ከፊያት ላይ ተወስዶ፣ በሞረድ ተሞርዶ የገባ ነው። ሳንቃዋ ሁሉ ስለተለወጠው ስለ ቴሴዎስ መርከብ ክፍል ውስጥ ስንከራከር በዓይኔ የምትመጣው ይህችው መኪና ነበረች።

የሰፈሩ ልጆች አባ ጁሊያ አሉት። ቀልድ ነው፤ ግን ቀልዱ አያት አለው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። የሚገርመኝ «አባ» የምትለዋ ቃል ናት። ጀግናው ቤቱ ስንት ልጅ ይኑረው፣ ሲፎከርለት አባትነቱ ለፈረሱ ነው። ወንድሜም ልጅ ሳይወልድ የመኪና አባት ሆኖ ሰባት ዓመት ኖረ፤ ክፋት አልነበረበትም።

ስለ ደስታው አንድ ነገር ካልተናገርኩ ፍርዴ የተዛባ ይሆናል። እሑድ ከማለዳው 12 ሰዓት ላይ፣ ሽሮ ሜዳ ገና ሳይነቃ፣ ወደ እንጦጦ እንወጣ ነበር፤ እሱ መሪው ላይ፣ እኔ አጠገቡ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ነውና አየሩ ይሳሳል፤ ጁሊያ ከፋብሪካ ይዛ ከመጣችው 98 የፈረስ ጉልበት ሩብ ያህሉን እዚህ ስትደርስ ታጣለች። ወንድሜ ታዲያ ያን የቀረውን ጉልበት እንደ ቆሎ ቆጥሮ ነው የሚያወጣው። ጠመዝማዛው ከመድረሱ በፊት ማርሽ ይቀንሳል፣ ፍሬኑን በጣት ያህል ይነካል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይለቃታል። የባሕር ዛፉ ሽታ በመስኮት ይገባል። ወንድሜ በመሥሪያ ቤቱ ዝምተኛ፣ በዘመድ መካከል አንገቱን የሚደፋ ሰው ነው። እዚያ ግን እጁና እግሩ፣ ዓይኑና ጆሮው አንድ ላይ ሆነው ሲሠሩ ሌላ ሰው ይሆናል። እንዲያውም ራሱን ይሆናል ብል ይሻላል። ይህን ከንቱ ነው ብሎ መጣል ቀላል ነው፤ ታዲያ በዚህች መጽሔት ላይ የምናወጣው ግጥምስ ማንን አጥግቦ ያውቃል?

ልጅቷ ባለፈው ጥቅምት ተወለደች። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣችና ዘመድ ተሰበሰበ። ከምሳ በኋላ፣ ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ፣ አባታችን ነገሩን አነሡት።

«አንተ አሁን አባት ሆነሃል። ይኼ የወጠጤ ዕቃ ነው፤ ሽጥና አንድ ቪትስ ግዛ» አሉ።

አጎታችን ጣልቃ ገቡ። «እንዳታደርገው! ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የቤንዚን መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ዛሬ የሸጥካትን ነገ በእጥፍ አታገኛትም።» (አጎታችን ስለ ምንም ነገር ሲናገሩ መጨረሻው ዋጋ ነው።) እማዬ ደግሞ «ኧረ ልጁን ተዉት፣ ሌላ ምን ደስታ አለው?» አለች። የክርስትና እናቲቱ፣ ጎረቤቱ፣ የወንድሜ የሥራ ጓደኞች፣ ሁሉም ሐሳብ ነበራቸው። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ መኪና በሸንጎ ቆመች። ወንድሜ ብቻ ሲኒውን እያሽከረከረ ዝም አለ።

እኔም ተማሪ ነኝና ዝም አላልኩም። ጁሊያ በተሠራችበት ዘመን ለኋላ ወንበር ቀበቶ ማድረግ ልማድ አልነበረም፤ የእኛዋም የላትም። ሕፃኗ ስትሄድ በሰው ጭን ላይ ናት። ስለዚህ ነገር አምስት ኪሎ የሚማር አንድ ጓደኛዬን አስልቶ እንዲነግረኝ ጠይቄው ነበር። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና ተጋጭታ በሰከንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ ብትቆም፣ 5 ኪሎ የምትመዝን ሕፃን ለያዛት ሰው 70 ኪሎ ያህል ትከብደዋለች። ይህን ስናገር ቤቱ ጸጥ አለ። እማዬ ልጅቷን ጠበቅ አድርጋ አቀፈቻት። ያሸነፍኩ መሰለኝ።

አጎታችን ግን ቀና ብለው «ለክትባት የምትወስዷት በታክሲ አይደለም እንዴ? እሱስ ከኋላ ቀበቶ አለው?» አሉኝ።

የለውም። መልስ አጣሁ። ወንድሜም ያን ጊዜ ብቻ አፉን ከፈተ፤ መካኒኩ ወለሉ ላይ ማሰሪያ በይዶ የኋላ ቀበቶ ሊያስገባለት እንደሚችል፣ ሕፃን በተሳፈረችበት ደግሞ ከታክሲ በታች እንደሚነዳ ተናገረ። ይህን ካደረገ የአደጋው ክርክር አብዛኛው መልስ አገኘ ማለት ነው። ታዲያ ለምን አላቆምንም? ለካ የምንከራከረው ስለ ቀበቶ አልነበረም። አባታችን የጠየቁት ልጃቸው ምን ዓይነት ሰው ሊሆን እንደሆነ ነው፤ ደኅንነቱ ለጥያቄው የለበስንለት ነጠላ ነበር።

በዚያ ሰሞን ስለነዚህ መኪናዎች ታሪክ ሳነብ አንድ ነገር አገኘሁ። አልፋ ሮሜዮ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በአብዛኛው ለውድድርና ለሀብታም የሚሆን መኪና በጥቂቱ የሚሠራ ፋብሪካ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ብዙ ሕዝብ የሚገዛው መኪና መሥራት ግድ ሆነበትና እ.ኤ.አ. በ1950 አንድ ባለ አራት በር አወጣ፤ 1900 ይሏታል። ሲያስተዋውቃትም ውድድር የምታሸንፍ የቤተሰብ መኪና ብሎ ነው። ጁሊያ የዚያች ዘር ናት። እንግዲህ ይህች መኪና የወንድሜ ዓይነቱ ሰው ጭንቀት ሳይታሰብ አልተፈጠረችም ማለት ነው፤ ሚስትና ልጅ ላለው፣ ነገር ግን የትናንቱን ራሱን መቅበር ላልፈለገ ሰው ተብላ ተሠርታለች። የኋላዎቹ ሁለት በሮች ቃል ኪዳን ናቸው፤ ግባ፣ ቤተሰብህንም አስገባ፣ ከአንተ ምንም አይጎድልም የሚሉ።

ቃል የተገባው ግን መሪውን ለያዘው ነው። ይኸ የታየኝ መጽሐፍ ላይ አይደለም፤ በዚያው በክርስትናው ቀን፣ ጓዳ ውስጥ ነው።

ሲኒዎቹን ይዤ ስገባ የወንድሜ ሚስት ድስት እያጠበች ነበር። ያን ያህል ሰዓት ስንጮህ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ማንምም አልጠየቃትም።

«ጨረሱ?» አለችኝ።

«ገና ነው እትዬ፣ እንዳይሸጥ የሚሉት የበዙ ይመስለኛል።»

ሳቅ አለች። «እኔ ትምህርቴን ሳቋርጥ ስንት ሰው ተሰብስቦ ነበር?»

ንግግሯ ክፉ አልነበረም፤ ድስቱንም ማጠብ አላቆመችም። እኔ ግን እጄ ላይ ያለው ሲኒ ከበደኝ። የማታ ሕግ ተማሪ ነበረች፤ ሦስተኛ ዓመቷን ጨርሳለች። መስከረም ላይ፣ ልትወልድ አንድ ወር ሲቀራት፣ ዊዝድሮ አደረገች። ፎርሙን ያመጣሁላት እኔ ነኝ። ከሬጅስትራር ወስጄ፣ እሷ ፈርማበት፣ በማግሥቱ በምሳ ሰዓት መልሼ አስገባሁ። «አንድ ዓመት ምን አላት፣ ትመለሺበታለሽ» ብዬም አጽናንቻታለሁ። ጠቅላላው ነገር አንድ ገጽና አንድ ፊርማ ነበር። አባታችን አልሰሙም፤ ቢሰሙም «ደግ አደረገች» ይሉ ነበር። አጎታችን የዋጋዋን መውጣትና መውረድ አላሰሉላትም። «ሌላ ምን ደስታ አላት» ያለ ሰው አልነበረም፤ እኔም አላልኩም።

ስሙንም አስቡት። ልጅቷ በተወለደች በሳምንቱ የሰፈሩ ሰው የወንድሜን ሚስት በልጇ ስም፣ የእገሊት እናት ብሎ መጥራት ጀመረ። የራሷን ስም አሁን የሚጠራት ባሏ ብቻ ነው። እሱ ግን ዛሬም አባ ጁሊያ ነው።

አርስቶትል ለኒቆማኮስ በሚባለው የሥነ ምግባር መጽሐፉ በሦስተኛው ክፍል ስለ ምክር ይናገራል፤ ምክር ማለት አንድ ሰው ላድርገው ወይስ ልተወው ብሎ በልቡ የሚያወጣው የሚያወርደው ነው። ሰው በሁሉም ነገር ላይ አይመክርም፤ በእጁ ባለውና በሌላ መልክ ሊሆን በሚችለው ላይ ብቻ ይመክራል እንጂ ስለ ከዋክብት መውጣት የሚመክር የለም ይላል። ሁለተኛ ዓመት ላይ ይህን ለፈተና በቃሌ ይዤው ነበር፤ ፍሬ ነገሩ ለራሱ ግልጥ ስለሆነ ብዙ አልመሰጠኝም። አሁን ግን ሌላ ጥያቄ አለኝ። የትኛው ነገር በእጃችን እንዳለ፣ የትኛውስ እንደ ኮከብ መውጣት እንደሆነ የሚለየው ማን ነው? በእኛ ቤት የወንድሜ መኪና ሸንጎ የሚገባት ነገር ሆነች፤ የሚስቱ ትምህርት ደግሞ እንደ ፀሐይ መጥለቅ ዝም ብሎ ጠለቀ። ሁለቱም ግን በሰው እጅ ያሉ ነገሮች ነበሩ።

አሜሪካዊቱ ፈላስፋ ኤል. ኤ. ፖል እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ልጅ መውለድ ሰውን ከሥሩ የሚለውጥ ነገር ስለሆነ በተለመደው መንገድ አስቀድሞ አመዛዝኖ መወሰን አይቻልም ትላለች፤ የሚመዝነው ሰውና ከመዘነ በኋላ የሚኖረው ሰው አንድ አይደሉምና። መልካም። ወንድሜ እስኪለወጥ ድረስ ራሱን የሚጠብቅበት ጊዜ ተሰጥቶታል፤ እሑዱም፣ ጁሊያም አሉለት። የእሷ ለውጥ ግን ቀጠሮ አልነበረውም።

ታዲያ ይሽጣት ነው የምትዪው? የሚል ይኖራል። ይኸ ነው ያስቸገረኝ። ቢሸጣት ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ አባታችን ይመርቁታል፣ ዘመድ ሁሉ «አቤት አባት! ያቺን መኪና ለልጁ ሲል ሸጠ» ይላል። የእሱ መሥዋዕት እልልታ አለው። የእሷ ግን መሥዋዕት ተብሎ እንኳ አልተጠራም። እንዲያው በድፍረት ልናገርና፣ በጭብጨባ መካከል የተሸጠች ጁሊያ ከቆመችው ይልቅ ታስፈራኛለች፤ ነገሩ ሁሉ የተከፈለና የተዘጋ ይመስላላ። ገዢው መኪናዋን ይዞ ሲሄድ ሕግ መጽሐፎቹ ግን ያው አልጋ ሥር ናቸው። እኔ ብጠየቅ ቁም ነገሩ ሰዓቱ ነው። የማታው ክፍል የሚጀምረው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ወንድሜ ቤት የሚገባው 12 አልፎ ነው። ያን ሰዓት ልጅቷን ማን ይይዛታል? ለጁሊያ በየወሩ ከሚወጣው ገንዘብ ላይ የክሬዲቱ ክፍያ አይወጣም ወይ? ይህን ማንም ሸንጎ አላነሣውም።

ለወንድሜ ነገርኩት። ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ ብሎ ነበር።

«እኔ አቋርጪ አላልኳትም» አለኝ፤ ተቆጥቷል።

እውነቱን ነው። አላላትም። ማንም አላላትም። «እሱን ነው የምልህ፣ ጋሼ» አልኩትና ሌላ የምጨምረው ጠፋኝ። እጁን በጨርቅ ብዙ ጊዜ ጠረገ፤ ከጠራ በኋላም ይጠርግ ነበር።

መኪናዋ አልተሸጠችም። የኋላ ቀበቶው ተበይዶ ገብቷል፤ መካኒኩ ጥሩ ሠርቶታል፣ ጎትቼ ሞክሬዋለሁ። ወንድሜ ሁለት እሑድ እንጦጦ አልወጣም፤ ምክንያቱን አልጠየቅሁትም። ባለፈው ሰኞ ለሁለተኛው መንፈቅ የመመለሻ ፎርም ከሬጅስትራር ወስጄ ለእትዬ ሰጠኋት። አነበበችው፣ አመሰገነችኝ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ ነፋስ እንዳይወስደውም ወንድሜ ከካርቡራቶሩ ፈትቶ ያስቀመጠውን ክዳን ጫነችበት። ትናንት ስሄድ ፎርሙ ባዶ እንደሆነ እዚያው ነበር። ምዝገባው ሐሙስ ይዘጋል።