ሲበርድ የተነሳ መኪና ምን ይመሰክራል?

ድሬዳዋ የፔጆ 404 ታክሲን በደንብ ታውቃለች። የዚያ መኪና ካርቡራተርና የነዳጅ መስመር በቀትር ሲግል ቤንዚኑ ይተንና ሞተሩ ይጠፋል፤ ጥላ ሥር ሲያርፍ ይነሳል። ማሳረፍ ልማድ የሆነው በምክንያት ነው። ግን ያው ዘዴ በሌላ ዓይነት መኪና ላይ ሲሠራ፣ ሕመሙም ያው ነው ማለት ይቻላል?

ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ወደ ከዚራ የሚመለስ አንድ መርሴዲስ 230ኢ እናስብ። ካርቡራተር የለውም፤ ከኋላ ከሥሩ የተገጠመ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነዳጁን በ5 ባር ገደማ ግፊት ወደ ኢንጀክተሮቹ ይልካል። እንዲህ የተጫነ ቤንዚን በቀላሉ አይተንም። መኪናው ግን በቀትር ይጠፋል፣ ሲበርድ ይነሳል። ሾፌሩ «ነዳጁ ፈልቶ ነው» ይላል፤ ጓደኛው «ፓምፑ ደክሟል» ብሎ ለመለዋወጫ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ይደውላል። የሁለቱም ማስረጃ አንድ ነው፦ በረደ፣ ተነሳ።

ሙስሊሙ ሊቅ አል ጋዛሊ በ1095 እ.ኤ.አ. ገደማ በጨረሰው መጽሐፉ፣ ዐይን የሚያየው ጥጥ እሳት ሲነካው መቃጠሉን እንጂ እሳቱ አቃጣይ መሆኑን አይደለም ብሎ ተከራክሯል። እኔ እስከ መደምደሚያው አልከተለውም። ጥንቃቄው ግን ጋራዥ ውስጥ ቦታ አለው፤ ሁለት ማብራሪያ ለአንድ ክስተት እኩል ሲስማማ፣ ሌላ የሚለያቸው ነገር መፈለግ አለበት።

የሚለያቸው ፍተሻ ደግሞ መኪናው እምቢ ባለበት ሰዓት ብቻ የሚደረግ ነው። የፓምፑን ሪሌይ ነቅሎ፣ በሶኬቱ ላይ 30 እና 87 የሚባሉትን ፊውዝ ባለው ሽቦ ማገናኘት። ፓምፑ ካጉረመረመ እሱም፣ ሽቦውም፣ ማሳውም ደህና ናቸው፤ ጥርጣሬው ወደ ሪሌዩና ሪሌዩን ወደሚያዘው ምልክት ይዞራል። ዝም ካለ ቴስተሩን ፓምፑ ላይ፣ ሽቦው እንደታሰረ ማስገባት ነው። ሽቦውን ፈትቶ የሚለካ ይሳሳታል፤ አንድ ክር ብቻ የቀረው ሽቦ እንኳ ጭነት ከሌለበት 12 ቮልት ያሳያል።

የሪሌዩን ክዳን ከፍቶ በአጉሊ መነጽር ያየ ሰው፣ በአንዱ እግር ብየዳ ዙሪያ ፀጉር የምታህል ክብ ስንጥቅ ሊያገኝ ይችላል። ስትግል ትከፈታለች፣ ስትበርድ ትገጥማለች። ጥላው የጠቀመው ለእሷ ነበር።

«አዲስ ፓምፕ ስናስገባስ ለሳምንታት ደህና ሆነ» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው፤ ይህ ተቃውሞ በደንብ ሊታሰብበት ይገባል። ያረጀ ፓምፕ ብዙ አምፔር ሊስብ ይችላል፤ ያ አምፔር ሪሌዩን ያግላል፣ ብየዳውንም ያደክማል። አዲሱ ጭነቱን ስላቀለለ ስንጥቋ ትቆያለች እንጂ አትድንም። ስለዚህ ጥፋቱን በአንድ ዕቃ ላይ ብቻ መጣል ላይቻል ይችላል። የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በመከልከሉ እነዚህ መኪኖች ገና ብዙ ይነዳሉና፣ ዕቃ ከመግዛት በፊት አምፔሩ ይለካ፦ ከፓምፑ ልክ ካለፈ ፓምፑ ይቀየራል፣ ብየዳውም ይታደሳል፤ ልኩ ላይ ከሆነ ብየዳው ብቻ።