ኩላሊትን የሚመረምር ማን ነው?

ኩላሊቱ ጨርሶ ሥራ ያቆመ ሰው በማሽን እጥበት ወይም በንቅለ ተከላ ካልተረዳ ብዙም ሳይቆይ ይሞታል። ማሽኑ ለሁሉም በማይበቃበት ቦታ ማን ይዳን የሚለው ጥያቄ የሐኪም ብቻ መሆኑ ይቀራል።

ጥያቄው ፊት ለፊት የወጣው በአሜሪካዋ ሲያትል ነው። ሆላንዳዊው ሐኪም ቪለም ኮልፍ የማጠቢያ ማሽኑን የሠራው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ቢሆንም፣ ለየእጥበቱ አዲስ የደም ሥር መክፈት ግድ ስለነበር ዘላቂ እጥበት ለሚያስፈልገው ሰው አልጠቀመም። በ1960 እ.ኤ.አ. ዶክተር ቤልዲንግ ስክሪብነር ክንድ ላይ ተተክሎ የሚቆይ የቴፍሎን ቱቦ አበጀ። የመጀመሪያው ታካሚ ክላይድ ሺልድስ ከዚያ ወዲያ ከአሥር ዓመት በላይ ኖረ።

በ1962 እ.ኤ.አ. በሲያትል የእጥበት ማዕከል ሲከፈት ፈላጊው ብዙ፣ ማሽኑ ጥቂት ሆነ። ሐኪሞች በጤና ረገድ የሚሆኑትን ከለዩ በኋላ የመጨረሻው ምርጫ ስማቸው ላልተገለጸ ሰባት ሰዎች ተሰጠ፤ ከመካከላቸው ቄስ፣ ጠበቃ፣ የባንክ ሰውና የቤት እመቤት ነበሩ። ትዳርን፣ የልጆችን ብዛት፣ ሥራን፣ ትምህርትን፣ በቤተ ክርስቲያን ያለውን ተሳትፎ ሳይቀር መዘኑ። ሸክሙን በቅንነት እንደተሸከሙት መጠራጠር አይገባም። ሚዛኑ ግን ሳያስቡት እነርሱን ለሚመስል ሰው አደላ።

በመዝሙረ ዳዊትና በትንቢተ ኤርምያስ ኩላሊት ከልብ ጋር የሰው ስውር አሳብ ማደሪያ ነው፤ መርማሪውም እግዚአብሔር ነው። የሲያትሉ የሰባት ሰዎች ጉባኤ የተቀመጠው በዚህ የመርማሪ ወንበር ላይ ነበር። የሜቶዲስቱ የሥነ መለኮት ሊቅ ፖል ራምሴ ከእንዲህ ያለ ፍርድ ዕጣ ይሻላል ያሉት ዕጣ የሰውን ዋጋ ስለማይተምን ነው። የሦስት ልጆች እናትና ብቸኛ ሰው እንዴት እኩል ዕጣ ይጣልባቸዋል የሚለው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ የልጆቹ ሐዘን እውነት ነውና። ሆኖም የሚያለቅስለት የሌለው ሰው ሕይወት ቀለለ ብሎ መፍረድ ከዚያ የባሰ ነው።

አሜሪካ በ1972 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ መንግሥት የአብዛኞቹን ታካሚዎች ወጪ ሲሸፍን እንዲህ ያለው ምርጫ አበቃ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2015 እ.ኤ.አ. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተከናውኗል፤ እጥበቱን ግን ብዙዎች የሚከፍሉት ከኪሳቸው ነው። እዚህ የሚሰበሰብ ጉባኤ የለም፤ የሚመርጠው ገንዘብ ነው። ስብሰባ ስለማይቀመጥም ለምን እንዲህ ፈረድክ ተብሎ አይጠየቅም። ቤት ንብረት ይሸጣል፣ ዘመድና ጎረቤት ያዋጣል፤ መዋጮው ሲሳሳ በሳምንት ሦስት ጊዜ መታጠብ የሚገባው ሰው ወደ ሁለት፣ ከዚያም ወደ አንድ ይወርዳል።