የኑዛዜ ቃል ዕድሜ

«ናዘዘ» በግዕዝ አጽናና ማለት ነው። አማርኛ ከዚሁ ሥር ያገኘውን «ኑዛዜ» ለሁለት ነገር ያውለዋል፤ አንዱ ለነፍስ አባት ኃጢአትን መናገር፣ ሁለተኛው ሀብትንና ልጆችን ለቋሚ አደራ መስጠት ነው። ሁለቱም በልማድ ለመጨረሻዋ ሰዓት ሲጠበቁ ኖረዋል። ሽማግሌ ተጠርቶ፣ ነፍስ አባት ከራስጌ ተቀምጦ፣ እርግማን ታክሎበት የተነገረ ቃል ከዚያ ወዲያ አይነካም፤ ሊያርመው የሚችለው ባለቤቱ የለምና። አጤ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ወራሽ ሲያደርጉ ቃላቸው በእርግማን የታሰረ ነበር። በ1909 ዓ.ም. ኢያሱ ሲሻሩ ሕዝቡን ከመሐላው መፍታት የአቡነ ማቴዎስ ሥራ ሆነ።

ከዚህ ልማድ የተወረሰ አንድ ስሜት ዛሬም በብዙ ሰው ልቡና ውስጥ አለ፤ የተጻፈን ኑዛዜ መለወጥ ቃልን ማጠፍ ይመስላል። ለመሆኑ ለቃል መታመን የተጻፈውን እንደ ተጻፈ መተው ነውን?

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በዚህ ላይ አያመነታም። ተናዛዡ ኑዛዜውን የመሻርና የመለወጥ መብቱን ሊተው አይችልም፤ «አልለውጥም» ብሎ ቢፈርም እንኳ ፊርማው አያስረውም። ሕጉ ለቃሉ ዕድሜ ሳይቀር ወስኖለታል። የቃል ኑዛዜ ተናዛዡ በሕይወት ከቆየ በሦስት ወር ይወድቃል። በእጅ ተጽፎ ሣጥን ውስጥ የተቆለፈውም በ7 ዓመት ውስጥ ለውል አዋዋይ ወይም ለፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተሰጠ ፈራሽ ነው። ለትዳር ጓደኛ የተናዘዙት በፍቺ ይቀራል። ከኑዛዜው በኋላ ልጅ ተወልዶ ውርሱን ከተቀበለ የኑዛዜ ስጦታዎቹ በመሠረቱ ይፈርሳሉ።

ይሁን እንጂ ሕግ የሚያየው ልደትንና ፍቺን እንጂ በቤት ውስጥ በቀስታ የሚለወጠውን አይደለም። ልጅ የሌለው አንድ መምህር ቤቱን ለታናሽ ወንድሙ ተናዞ ሰነዱን በወጉ አስቀመጠ ይባል። ከዚያ በኋላ የእኅቱ ልጅ ከገጠር መጥታ 12 ዓመት አስታመመችው፤ አጠበችው፣ አጎረሰችው፣ ሌሊቱን ከጎኑ አደረች። መምህሩ «ለእሷ አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ» ሲል፣ ነገ ሲል፣ ነገ ሳይመጣ ሞተ። ወንድሙ ቤቱን ይረከባል፤ እሷ ጓዟን ጠቅልላ ትወጣለች። ወንድሙ የሟቹን ቃል ስለ ፈጸመ የሚወቅሰው ዳኛ አይገኝም። የተፈጸመው ግን ከ12 ዓመት በፊት የነበረው ሰው ፈቃድ ነው፤ የሞተው ሌላ ሰው ነበር።

ንብረትም ባለበት አይቆምም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆኑ ርስትና የኪራይ ቤት የዘረዘሩ ስንትና ስንት ኑዛዜዎች ባዶ ወረቀት ሆነው ቀሩ። ዛሬ ደግሞ ደራሲውና ሠዓሊው ጨርሶ የማይጽፉት ሀብት አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የድርሰት የኢኮኖሚ መብት ከባለቤቱ ሞት በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል።

በአንጻሩ ኑዛዜን ጅራፍ የሚያደርግ ወላጅ አለ። የመጣ ልጅ ይጨመራል፣ የቀረ ልጅ ይፋቃል፤ ቤተሰቡም ሽማግሌውን ሳይሆን ወረቀቱን ይጦራል። ይህ ኑዛዜን ማደስ አይደለም፣ በሕይወት ሳሉ ልጆችን መግዛት ነው። ሕጉ ይህን በጥቂቱ ይገታዋል፤ ልጁን ከውርስ የሚነቅል አባት ምክንያቱን በግልጽ መጻፍ አለበት፣ ምክንያቱም በዳኛ ይመዘናል። የመምህሩ ጥፋት የዚህ ተቃራኒ ነበር። እሱ የፈራው ወንድሙን ማስቀየምን፣ ምስክር ሊሆኑ የሚጠሩትን የአራት ጎረቤቶች ዓይን ነው። ምስክር የማያሻው መንገድ ግን ነበረለት፤ ኑዛዜ መሆኑን ገልጾ ሁሉንም በራሱ እጅ መጻፍ፣ በየገጹ ቀኑን ማስፈርና መፈረም፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ሥራ።