የጨረቃ ድንጋይ የትኛው ነው?

እውነተኛ ትርጉም ያለው ስም ሰውን ሊያታልል ይችላልን? ጥያቄው በጌጥ ድንጋይ ንግድ ዘንድ ክብደቱ ጎልቶ ይታያል።

ሴሌናይት የተሰኘው ብርሃን አስተላላፊ ክሪስታል ስሙን ያገኘው ጨረቃን «ሴሌኔ» ከሚሉት ግሪኮች ነው፤ ቢተረጐም «የጨረቃ ድንጋይ» ማለት ነው። ይሁንና ጥፍር እንኳ ይቧጭረዋል፤ ግንበኞች ጀሶ የሚሉትም ይኸው ማዕድን ተቃጥሎና ተፈጭቶ ነው። ሙንስቶን ግን የፌልድስፓር ወገን ሲሆን፣ ከውስጡ ደብዛዛ ብርሃን የሚንሳፈፍበት፣ ለቀለበት ፈርጥነት የሚበቃ ጠንካራ ድንጋይ ነው። እርሱም ቢተረጐም ያው «የጨረቃ ድንጋይ» ነው። «ቀስተ ደመና ሙንስቶን» እየተባለ የሚሸጠውን የማዕድን ዐዋቂዎች ላብራዶራይት ይሉታል። «ኦፓላይት» ወይም «ኦፓል ሙንስቶን» በሚል ስም የሚቀርበው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሰው ሠራሽ መስታወት ነው።

ሙኑኪ ውስጥ በአማርኛና በዐረብኛ መካከል ለምንኖር ሰዎች ችግሩ እጥፍ ነው፤ የዐረብኛው «ሐጀር አል-ቀመር»ም ትርጉሙ ያው ነውና። ቃል በቃል የተረጐመ ሰው አልዋሸም፤ ሰሚው ግን ጀሶውን በፈርጥ ዋጋ ሊገዛ ይችላል።

«ስም የሰዎች ስምምነት ነው፤ ገዢ ራሱ ይጠንቀቅ» የሚል ይኖራል። ነገር ግን ስምምነት የሚጸናው ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር ሲረዱ ነው። ሳያውቅ የተሳሳተ ሻጭ ይታረማል፤ እያወቀ ዝም ያለው ግን በገዢው አለማወቅ ነግዷል።

ጉዳዩ ለአገራችንም ሩቅ አይደለም። በ2008 እ.ኤ.አ. በወሎ፣ ደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ የተገኘው ኦፓል በዓለም ገበያ ታውቋል። ይህ ድንጋይ ውኃ ሲጠጣ ቀለሙ ይደበዝዛል፤ ሲደርቅ ይመለስለታል። ይህን ጠባዩን ለገዢ አስቀድሞ የሚናገር ነጋዴ ገበያ ሊያጣ ይችላል፤ የታማኝነት ፈተናውም እዚህ ላይ ነው። ኦፓሉ የሚወጣው በገደል ውስጥ ከተቆፈሩ ዋሻዎች ነው፤ በ2016 ዓ.ም. በደላንታ አንዱ ዋሻ ተደርምሶ ቆፋሪዎች ከውስጥ ተይዘው ነበር። መስታወት በኦፓል ስም ሲሸጥ ከገዢው ሌላ የሚጐዳው ሕይወቱን ለአደጋ አጋልጦ እውነተኛውን ድንጋይ የሚያወጣው ሰው ነው።

ድንጋይን በጨረቃ ስም መጥራት ነውር የለበትም፤ የሰው ልጅ ውበትን ያየው በምሳሌ ነው። ለስሙ ዋጋ በተቆረጠ ጊዜ ግን ሻጭም ተርጓሚም ሦስት ነገር መናገር ይገባቸዋል፦ ማዕድኑ ምን እንደ ሆነ፣ የተፈጥሮ ይሁን ሰው ሠራሽ፣ ከየት እንደ መጣ።