ይውረድ ወይስ ያስረዳ?

ከዚራ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ፣ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር የተዘረጋች ሻይ ቤት አለች። ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው እንደሚገምተው በቀትር ማንም አይቀመጥባትም። አሥር ሰዓት አልፎ ሙቀቱ ጋብ ሲል ግን ወንበር አይገኝባትም። ባለፈው ሰሞን እዚያ ስደርስ ክርክሩ ደርቶ ነበር። እነዚያ ሰዎች የሚደግፉት ክለብ ቦርድ ሥራ አስኪያጁን፣ የቴክኒክ ዳይሬክተሩንና ዋና አሰልጣኙን በአንድ ቀን አነሣ የሚል ወሬ ደርሶ ኖሯል። የክለቡን ስም አልጠራም። አንባቢ በየከተማው ካሉት ክለቦች የፈለገውን ስም ቢተካበት ታሪኩ እምብዛም አይዛነፍም።

«እሰይ! ዘገየ እንጂ!» ይላል አንድ የባጃጅ ሾፌር፣ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ።

«ሦስት ሰው በአንድ ቀን ተባረረ» አለ መምህር መሆኑን የማውቀው ጎልማሳ። «ሦስቱም በአንድ ቀን ነው ያጠፉት?»

«አቦ ተወን! ቡድኑ ሊወርድ ነው፤ አንተ ሰዋስው ታወጣለህ።»

ጡረታ የወጡት የምድር ባቡር ሠራተኛ እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ነበር። «እናንተ ልጆች ሰው ሲወርድ ደስ ይላችኋል» አሉ። «ማን እንደሚወጣ ግን ጠይቃችሁ አታውቁም።»

«ፋዘር፣ ማንም ይውጣ፤ ከእነዚህ አይብስም።»

ሁሉንም ዝም ያሰኘችው ሻይ የምትቀዳው ሴት ናት። «ለተጫዋቾቹ ደመወዝ ከተከፈለ ሦስት ወር ሆነ ስትሉ አልነበረም? ታዲያ ደመወዝ የሚከፍለው አሰልጣኙ ነው እንዴ?» ብላ ብርጭቆዎቿን ሰብስባ ሄደች። ያን ጊዜ መምህሩ ወደ እኔ ዞሮ «አንተ ጋዜጠኛው፣ ምን ትላለህ?» አለኝ። ምንም አላልኩም። ለምን ዝም እንዳልኩ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ድሬዳዋ ስለ ኳስ ስትከራከር ዝም ብላ አይደለም። «ኮተን» እየተባለ የሚጠራው የጥጥ ፋብሪካው ቡድን በ1950ዎቹ ደጋግሞ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል። በ1968 ዓ.ም. አገራችን የአፍሪካን ዋንጫ ስታስተናግድ አንደኛው ምድብ የተጫወተው አዲስ አበባ ሳይሆን እዚሁ ነው። ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር። የዋንጫው ባለቤት የነበረችው ዛየር ከዚህ ምድብ ሳታልፍ ቀረች፤ ሞሮኮ ዋንጫውን ይዛ ሄደች። ጡረተኛው ይህን ሲያወሩ ትናንት ያዩት ይመስላል። ከሁሉ የሚናፍቃቸው ግን ዋንጫው አይደለም። «በኮተን ጊዜ ቡድኑ ሲሸነፍ የት ሄደህ እንደምትጮህ ታውቃለህ» ነው የሚሉት። «ፋብሪካው በር ላይ ነዋ! ሰኞ ጠዋት አጥቂውም ደጋፊውም አለቃውም በአንድ በር ነው የሚገቡት።»

ትዝታ ነገርን ያሳምራል፤ ሰኞ ጠዋት በዚያ በር ላይ አለቃው ለወዛደሩ ሒሳብ ያስረዳ ነበር ብዬ አላምንም። ቢሆንም ሽማግሌው የነኩት ነገር አለ። ዛሬ ከክለቦቻችን ብዙዎቹ የከተማ አስተዳደር ክለቦች ናቸው። ገንዘቡ ከመንግሥት ካዝና ይወጣል። የቦርዱን ወንበር የሚይዙት በአብዛኛው ሹማምንት ናቸውና ሹመት ሲለዋወጥ እነሱም ይለዋወጣሉ። ተጫዋቹ ለአንድ ለሁለት ዓመት ፈርሞ ይሄዳል፤ አሰልጣኙ አንድ ዓመት ከሞላ ዕድለኛ ነው። የሚቀረው ደጋፊው ብቻ ነው። የማይሄደው እሱ ሆኖ ሳለ ድምፅ የለውም፣ አክሲዮን የለውም፣ ቃለ ጉባኤ አያይም። በባርሴሎና በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከ20,000 በላይ አባላት ፈርመው በፕሬዚዳንቱ በጆሴፕ ማሪያ ባርቶሜው ላይ የመተማመኛ ድምፅ እንዲሰጥ ሲጠይቁ፣ ሰውየው ድምፁ ሳይሰጥ በጥቅምት ወር ሥልጣኑን ለቀቀ። ያን የመሰለ ደንብ የሌለው የእኛ ደጋፊ ያለው አንድ ጉሮሮ ነው። ጉሮሮ ደግሞ ረጅም ነገር አይችልም። አንድ ቃል ይበቃዋል፦ ይውረድ!

ስለዚህ ጩኸቱን የምንቅ ሰዎች ቀስ ብንል ይሻላል። ጩኸቱ የመጣው ሌላው በር ሁሉ ስለተዘጋ ነው። የሚያሳስበኝ ጩኸቱ ሲሳካ የሚሆነው ነው።

በዱሮ ዘመን ዕቃ የጠፋበት ሰው ሌባ ሻይ ያስጠራ ነበር። አንድ ለጋ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፤ ይሰክራል፤ በገመድ ተይዞ እየተንገዳገደ በየመንደሩ ይዞራል፤ ሰዉ ይከተለዋል። ልጁ ደጃፉ ላይ የወደቀበት ሰው ሌባ ነው፤ ዕዳውን ይከፍላል። ነገሩ ተከልክሎ የቀረው በምክንያት ነው። ግን ሳስበው የሚገርመኝ የልጁ ነገር ሳይሆን የተከታዮቹ ነው። ልጁ በወደቀ ቅጽበት ከባለቤቱ በስተቀር ሁሉም እፎይ ይላል። የእያንዳንዱ ቤት ዳነ። ከዚያ ወዲያ ዕቃው በእርግጥ የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ?

ሌላም ልማድ ነበረን፣ አውጫጭኝ። ጥፋት ሲደርስ የአገሩ ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ያየ ያየውን፣ የሰማ የሰማውን እየማለ ይናገራል። አጥፊው ካልተገኘ ዕዳው የሚወድቀው በአገሬው ላይ ነው። ይህም ቢሆን የጽድቅ ሥራ ነበር አልልም። ገበሬን ከሞፈሩ ለቀናት አስተጓጉሎ ሜዳ ላይ ማዋል ግፍ ነው፤ ያላጠፋ መክፈሉም እንዲሁ። ነገር ግን በአውጫጭኝ ማንም ከጥያቄ ውጭ አይቆምም። በስታዲየማችን የቀረልን ሌባ ሻይ ብቻ ነው። የቡድኑ ውጤት ይበላሻል፤ ጩኸቱ እየተንገዳገደ ይሄድና አንድ ደጃፍ ላይ ይወድቃል፤ ብዙ ጊዜ የአሰልጣኙ ደጃፍ ላይ።

በጥር 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰች። አሰልጣኙ ሰውነት ቢሻው ነበሩ። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን ካሸነፍን በኋላ፣ ምንያህል ተሾመ ሁለት ቢጫ ካርድ እያለበት መሰለፉ ታወቀና ሦስት ነጥብ ተቀነሰብን። እኔና ጓደኞቼ ያን ሰሞን ያልጮህነው ጩኸት የለም። ካርድ የሚቆጥረው ማን ነው? መዝገቡ የማን ጠረጴዛ ላይ ነው? ወዲያው የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን አሸንፈን ምድቡን በበላይነት ስናልፍ ግን ያ ሁሉ ጥያቄ ከአፋችን ጠፋ። ድልም ለካ እንደ መባረር መዝገብ ይዘጋል። ናይጄሪያ ከዓለም ዋንጫው ደጃፍ መለሰችን። በ2006 ዓ.ም. በአገር ውስጥ ተጫዋቾች የአፍሪካ ሻምፒዮና ሦስት ጨዋታ ተሸንፈን አንድም ጎል ሳናገባ ስንመለስ ሰውነት ተሰናበቱ። ከእሳቸው በኋላ ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጡ፤ በ2007 እሳቸውም ሄዱ። ዮሐንስ ሳህሌ ተተኩ፤ በ2008 እሳቸውም ሄዱ። እያንዳንዱ ስንብት ለብቻው ሲታይ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አሰልጣኝነት የሚያሰናብት ሥራ ነው፤ ገብተውበታል። አንድ ላይ ሲደረደሩ ግን ልጁ ከደጃፍ ደጃፍ እየሮጠ መሆኑ ይታየኛል።

ማውረድ ራሱ ሥርዓት እንዳለውም በውድ ዋጋ ተምረናል። በ2000 ዓ.ም. የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ዶ/ር አሸብር ወልደጊዮርጊስ በጉባኤ መነሣታቸውን ፊፋ ሳይቀበል ቀረ፤ ውዝግቡ ተካረረ፤ በሐምሌ ወር አገሪቱ ታገደች፤ ከደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ ማጣሪያም ተሰረዝን። ማን ልክ ነበር የሚለውን እዚህ አላነሣም። ዋጋውን የከፈሉት ከጉባኤው አዳራሽ ውጭ የነበሩት ተጫዋቾች መሆናቸው ግን አያከራክርም።

አሁን ዝም ወዳልኩበት ምክንያት ልመለስ።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ግድም፣ ዲፕሎማዬን ይዤ ብዙም ሳልቆይ፣ ከድሬዳዋ ውጭ ባለ አንድ ክለብ ላይ ጽፌ ነበር። የክለቡ ሁለት አዳዲስ ተጫዋቾች ወረቀታቸው በጊዜ ባለመጠናቀቁ የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች አልተሰለፉም፤ ክለቡም ተሸነፈ። የጽሕፈት ቤቱን ኃላፊ ስም ጠርቼ በጨዋ አማርኛ ይውረዱ አልኩ። ጽሑፉ ተወዶልኝ ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሰውየው ተነሡ። ብዕሬ ሰው ማንሣት መቻሉን ሳይ የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ ሳስታውሰውም አፍራለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት ሳቢያን ውስጥ አንድ ወረቀት ኮፒ ላስደርግ ገባሁ። ከማሽኑ ኋላ የቆሙት እሳቸው ነበሩ። ለካ የድሬ ልጅ ኖረዋል፤ ሥራውን ሲያጡ ወደ አገራቸው ተመልሰው ነው። እኔ ስለይቸው እሳቸውም ለዩኝ። ሊሰድቡኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ወንበር ሰጡኝ። ከመሳቢያቸው አንድ የላስቲክ ክላሰር አውጥተው ሦስት ደብዳቤ ከፊቴ ዘረጉ። ሦስቱም የምዝገባ ክፍያው እንዲፈቀድ ቦርዱን የሚጠይቁ ናቸው። ሦስቱም ላይ የመዝገብ ቤት ማኅተምና ቀን አለ። የመጀመሪያው ምዝገባው ከመዘጋቱ ከአንድ ወር በላይ ቀድሞ የገባ ነው።

«ይህን ለምን ያኔ አላወጡትም ጋሼ?» አልኳቸው።

«ለማን?» አሉኝ። «አንድም ቀን የጠየቀኝ ሰው የለም። አንተም እኮ አልጠየቅከኝም።»

እውነት ነው፤ አልጠየቅኳቸውም። ስልካቸው ነበረኝ። ደወልኩ ባላነሡ ብዬ እንዳልጽናና እንኳ አልደወልኩም። የተሸነፈ ቡድንና አንድ ስም ነበረኝ፤ ያ በቅቶኝ ነበር። የቦርዱ ሰዎችም ደብዳቤዎቹ ለምን ሳይመለሱ እንደቀሩ ማንም ሳይጠይቃቸው ቀሩ፤ ምክንያቱም የእሳቸው መነሣት ጥያቄውን ሁሉ መልሶ ነበር። እኔ ባለሥልጣን የተጋፈጥኩ መስሎኝ ነበር። ላጠፉት ሰዎች መደበቂያ ሠራሁላቸው።

የእሳቸው ነገር ብዙ ካመላለሰኝ በኋላ የደረስኩበት ይህ ነው። ደጋፊ አንድን ሰው ከእንጀራው እንዲነሣ ለመጠየቅ መብት ይኑረው አይኑረው አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም። እንዲያስረዳ የመጠየቅ መብቱን ግን ማንም ሊነፍገው አይችልም፤ ፀሐይ ላይ የተቀመጠበት ሰዓት ብቻ ይበቃዋል። ያስረዳ ስንል ደግሞ ነገሩ አንድ ደጃፍ ላይ አይቆምም። አሰልጣኙ ስለ አሰላለፉ ይጠየቃል። አሰልጣኙን ማን በምን መስፈርት እንደቀጠረው ቦርዱ ይጠየቃል። ለደመወዝ የተያዘው ገንዘብ ለምን በወሩ እንዳልወጣ ካዝናውን የያዘው ይጠየቃል። እኛም እንጠየቃለን፦ በሦስተኛው ሽንፈት ተጫዋቾቹ ላይ የላስቲክ ጠርሙስ የወረወርነው፣ ቡድኑ ሲያሸንፍ ግን ስለ ገንዘቡ የሚያነሣውን ሰው «አታሟርት» ብለን ዝም ያሰኘነው። ከዚያ በኋላ መውረድ ያለበት ይውረድ፤ አልቃወምም። ተጠይቆ የወረደ ሰው ቢያንስ ለምን እንደወረደ ያውቃል፤ የሚተካውም ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል።

ይህን ሁሉ በማግሥቱ አሥር ሰዓት ላይ እዚያችው ሻይ ቤት ሄጄ፣ ስለ ደብዳቤዎቹ ጭምር፣ ነገርኳቸው። መምህሩ ራሱን ነቀነቀ። የባጃጁ ሾፌር ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ «ሰውየው አሁንም ሳቢያን ናቸው?» አለኝ። ናቸው አልኩት። ሽማግሌው ሻያቸውን ጨርሰው ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«ነገርህስ ደግ ነው» አሉኝ። «ግን እስቲ ስታዲየም ውስጥ ያስረዳ ብለህ ጩህ። ዜማ አይገባለትም።»

ሾፌሩ ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ ሞከረው። ያስ-ረዳ፣ ያስ-ረዳ። ሁለት ጊዜ ያህል ሄደለትና ሦስተኛው ላይ ተደናቀፈ። ሳቅን። ሻይ የምትቀዳው ሴት ከወዲያ ማዶ «ጭብጨባ ጨምሩበት» አለችን።